ሙያ ስትቀይሩ ምኑን ይዛችሁ ትሻገራላችሁ?



ከጥቂት ወራት ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች ተመሳስለዋል። አንዱ መምህር ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት መግባት እፈልጋለሁ። ምን ልማር? የትኛውን ሰርተፍኬት ልያዝ?» እኔን የሚጠይቁኝ በጨርቃጨርቅና በስፌት ሥራ 9 ዓመት ቆይቼ ወደ መልሶ ማቋቋም ፕሮጀክት ስለተሻገርኩ፣ አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ፋብሪካ ማስፋፊያ ግንባታ ስለማስተባብር ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መልሴ ባጭሩ ይህ ነው። ፕሮጀክት ማኔጅመንት የመሃል ሥራ ነው። ገንዘብ ሰጪውና ገበሬው፣ ኢንጂነሩና ግዥ ክፍሉ፣ አንዱ መሥሪያ ቤትና ሌላው በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። መሃል ላይ ለመቆም ደግሞ ቢያንስ አንዱን ዳር ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ምን ልማር?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይዤ ልሻገር?» ብላችሁ ጠይቁ። የድሮ ሙያውን ጥሎ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።

ለምን እዚህ ጥያቄው በዛ?

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ኑሯቸው ለየቅል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ብርዱ ውስጥ፣ የንግድ፣ የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤትና የቢሮ ከተማ ናት። የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ወሬውም ይቀየራል። ጨርቃጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ደረቅ ወደቡ ኮምቦልቻ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ አንዱን ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ኮምቦልቻ አድርጓል።

በሐምሌ 2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ75 ሄክታር ላይ ተገንብቶ ሲመረቅ የዚህ አካባቢ ወጣት ተስፋው ወደ ፋብሪካ ነበር። ከዚያ 2014 መጣ። በጥቅምት መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። ኅዳር 27 ደግሞ መንግሥት መልሶ መያዙን አስታወቀ። በመሃል ባለፈው ከአምስት ሳምንት በላይ ጊዜ ፋብሪካው፣ የጤና ተቋሙና መጋዘኑ ተዘረፈ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጋዘኖቹ ዝርፊያ ምክንያት በሁለቱ ከተሞች የምግብ እደላ እስከማቋረጥ ደረሰ። ገና አቧራው ሳይረግፍ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሲሰፋ የነበረ ሰው ጦርነቱን አልፎ ሲመለስ ገበያውን አጣ።

ፋብሪካው ሲዳከም ፕሮጀክቱ መጣ። በሚያዝያ 2014 የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች መልሶ ማቋቋሚያ 300 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። የእርዳታ ድርጅቶችም ደሴ ላይ ቢሮ ከፈቱ፣ ማስታወቂያ ለጠፉ። በወሎ «ፕሮጀክት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከክፉ ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። የ1966ቱ ረሃብ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወለደ። የ1977ቱ ደግሞ አያሌ የውጭ ድርጅቶችን ይዞ መጣ። በየዘመኑ ከአስተማሪነት፣ ከነርስነት፣ ከእርሻ ሙያ ወጥቶ ወደ እርዳታ ሥራ የገባ ሰው አለ። ስለዚህ የእኛ ትውልድ ይህን መንገድ የጀመረው አይደለም።

«የስፌት ሰው ስለ ፍየል ምን ያውቃል?»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ለፕሮጀክት ኦፊሰርነት ተፈተንኩ። ሥራው በቃሉ ወረዳ ንብረታቸውን ላጡ ቤተሰቦች ዘር፣ ፍየልና የእርሻ መሣሪያ ማድረስ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ ሲቪዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ልጄ፣ የስፌት ሰው ስለ ዘርና ስለ ፍየል ምን ያውቃል?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ፍየል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሞልቷል። እኔ የማውቀው 30 ሰው እየተቀባበለ የሚሠራው ሥራ የት ላይ እንደሚቆም ነው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፌት ላይን ላይ አንዷ ኮሌታ ትሠራለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች። የቀኑን ምርት የምትወስነው ፈጣኗ ኦፕሬተር አይደለችም። ሥራ የሚከመርበት አንድ ማሽን ነው የሚወስነው። ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ክምር ነው። እዚያ ሰው ይጨምራል ወይም ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሌላ ቦታ ሄዶ ቢጮህ ክምሩን ያሳድገዋል እንጂ ምርት አይጨምርም።

ፕሮጀክቱ ውስጥ ስገባ ክምሩን ፈለግኩ። የስብሰባው ወሬ ሁሉ ስለ መኪናና ስለ ነዳጅ ነበር። ክምሩ ግን የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ላይ ነበር። ዘሩ ተገዝቶ ኮምቦልቻ መጋዘን ቢደርስም፣ የቀበሌ ኮሚቴ ያላጸደቀው፣ የወረዳ ማኅተም ያላረፈበት ዝርዝር ተይዞ መኪና አይነሳም። ዝርዝሩ ደግሞ ግዥው ካለቀ በኋላ እንዲጀመር ነበር የታቀደው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬድናቸው። ዘሩ መጋዘን ሲገባ ዝርዝሩ ማኅተም አግኝቶ ይጠብቀው ነበር። ይህን በኮርስ አልተማርኩትም፣ ከስፌት ላይን ያመጣሁት ነው።

ሙያው ራሱ እንዲህ ከዘርፍ ዘርፍ እየተሻገረ ያደገ ነው። ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የምናየውን የጊዜ ሰሌዳ በስሙ ያስጠራው ሄንሪ ጋንት ኢንጂነር ከመሆኑ በፊት አስተማሪ ነበር። «ክሪቲካል ፓዝ» የምንለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት በተባለ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ የተሠራ ነው። ዛሬ ሆስፒታል የሚገነባውም፣ ሶፍትዌር የሚያበለጽገውም ይጠቀምበታል።

ሦስት የቀን መቁጠሪያ

በወሎ ፕሮጀክት የሚመራ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት የቀን መቁጠሪያ ይይዛል። የመጀመሪያው የገንዘብ ሰጪው ነው። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት ከኦክቶበር ይጀምራል፣ ሌላው ከጃንዋሪ ይጀምራል። ሁለተኛው የመንግሥት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ሰኔ ላይ የወረዳ ፋይናንስ ሂሳብ ለመዝጋት ሲሯሯጥ አዲስ ነገር ይዘህ ብትሄድ የሚሰማህ የለም። ሦስተኛው የገበሬው ነው። ማሽላ የሚዘራ ሰው ሚያዝያን ያያል፣ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌን። ዝናቡ የበጀት ማስተካከያ አይጠብቅም።

በዚህ ላይ የሳምንቱ ቀናት አሉ። ዓርብ ጁምዓ ነው። በየወሩ የሚከበሩት የታቦት ቀናት አሉ፣ በእነዚያ ቀን እርሻ አይነካም። የገበያ ቀን ሰው ቤቱ አይገኝም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተያይዘው ሲመጡ የስብሰባ ሰዓት ይቀየራል። በእኛ አገር በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለቱም ሃይማኖት ሊኖር ይችላልና አንዱን አይቶ ሌላውን መርሳት አያዋጣም። በኮምፒዩተር የተሠራው ሰሌዳ ሳምንቱን ባለ አምስት የሥራ ቀን አድርጎ ይቆጥራል። በቃሉ ቀበሌዎች ግን አንዳንዱ ሳምንት ሰው የሚሰበሰብበት ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው። ይህንን የሚያውቅ የግብርና ባለሙያ ወይም የገጠር መምህር ወደ ፕሮጀክት ሲመጣ ከማንኛውም ሶፍትዌር የሚበልጥ ነገር ይዞ ይመጣል።

የማይሻገረው ነገር

ሁሉም አይሻገርም። ፋብሪካ ውስጥ ትእዛዝ አለ። ሱፐርቫይዘር «ይህ ላይን ይቁም» ካለ ይቆማል። ፕሮጀክት ውስጥ ግን ከምትፈልጋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአንተ ሠራተኞች አይደሉም። የወረዳው ኃላፊ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የግዥ ክፍሉ፣ የመኪና ባለቤቱ፣ ሁሉም የራሳቸው አለቃ አላቸው። እዚህ ላይ የሚሠራው ማስረዳት፣ መለመን፣ ቃል ማክበርና መታገሥ ነው።

አንድ ቀበሌ ውስጥ ዝርዝሩ ዛፍ ሥር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሼሁም ቄሱም ነበሩ። መጀመሪያ ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተፈላ። ንባቡ አልቆ ወደ ማጽደቁ ሲኬድ ሼሁ እጃቸውን አነሱ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከጦርነቱ ሸሽታ ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ስለተጠጋች ምዝገባው ሲካሄድ አልነበረችም፣ ስሟም አልገባም። ቄሱ «እውነት ነው፣ ቤቷ ተቃጥሏል» ብለው መሰከሩ። በደንቡ መሠረት ምዝገባው ተዘግቷል። ያን ቀን መኪናውን ይዘን ተመልሰን፣ ለዋናው ቢሮ ደብዳቤ ጽፈን፣ በምዝገባው ጊዜ ላልነበሩ ተፈናቃዮች ተጨማሪ ዝርዝር አስከፈትን። አራት ቀን ፈጀብን። ሪፖርቱ ላይ አራት ቀን መዘግየት ተብሎ ሰፈረ። ሴትዮዋ ግን ዘሯን ይዛ ለክረምቱ ደረሰች። በዚህ ሥራ መቼ ማዘግየት እንደሚገባ መለየትም የሥራው አካል ነው፣ ያንን ደግሞ ከሽማግሌ እንጂ ከማኑዋል አትማሩትም።

መሃሉ ባዶ ሲሆን

መሃሉን የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አንሄድም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2004 ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር 1.7 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ውል ታሰረለት፣ ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ዋሻው ተቆፈረ፣ ጣቢያው ተሠራ። ባቡሩ ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነውና ኃይል ይፈልጋል፣ ኃይሉ ደግሞ በሌላ ተቋም፣ በሌላ በጀት፣ በሌላ ሰሌዳ የሚሠራ ነበር። በሰዓቱ አልደረሰም። ቆይቶ ጦርነቱ መጣና ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ።

ሐዲዱን የዘረጉትም፣ የኃይል መስመሩን የሚሠሩትም ኢንጂነሮች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። የጎደለው በሁለቱ መሃል ያለው ቀን ነው። «ሐዲዱ በዚህ ወር ካለቀ ኃይሉ በዚህ ወር መድረስ አለበት» ብሎ ሁለቱንም ተቋም በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስፈርምና የሚያስፈጽም ሥልጣን ያለው ሰው ነው የጎደለው። የሐዲዱ ሠራተኞች ያረፉበት፣ ሐይቅ አጠገብ ያለው «ቱርክ ካምፕ» የተፈናቀሉ ወገኖቻችን መጠለያ ሆኖ ቆይቷል። ባቡር ሊያመጣ የተሠራ ግቢ ነበር።

ብዙዎቻችን «የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ማዕረግ የለመድነው በኢንጂነር ስመኘው በቀለ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ሕይወታቸው ሲያልፍ ግድቡ አላለቀም ነበር። በዚያው ክረምት የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከሜቴክ ተነጥቆ ለሌሎች ተሰጠ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የተጀመረው ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። ትልቅ ሥራ ከአንድ ሰው ዕድሜና ከአንድ ውል ይረዝማል። ስለዚህ ሰነዱ፣ ርክክቡ፣ ተተኪው ከመጀመሪያው ቀን ይታሰባል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሺፍት የምታስረክብ ነርስ ናት። የትኛው አልጋ ላይ ያለው ታካሚ ስንት ሰዓት ላይ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጽፋ ሳታስረክብ ወደ ቤቷ አትሄድም።

2017 ምን አሳየን?

ጥር 12 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በቀናት ውስጥ የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤው ደሴ ደረሰ። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዩኤስኤአይዲ ራሱ በይፋ ሥራውን አቆመ። እኛም ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቆጥረን፣ ቁልፍ አስረክበን ወጣን። ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ነበረን። ለመጨረሻ ጊዜ ገጠር ሄዶ «እስከዚህ ነው» ብሎ መንገር ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተዋልኩ። አብራን የሠራች የቀድሞ ነርስ የመድኃኒትና የክትባት ማቀዝቀዣ ሰንሰለትን ታውቅ ነበር፣ አሁን የአንድ የግል መድኃኒት አከፋፋይ የማከማቻ ግንባታ ታስተባብራለች። የቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረው ወደ አንድ ኮንስትራክሽን ድርጅት የዕቅድ ክፍል ገባ። እኔም ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። በጣም የተጎዱት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ ቀጥታ ወደ ፕሮጀክት የገቡት ወጣቶች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፣ ሎግ ፍሬም ሲሠሩ፣ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የሚደርስባቸው የለም። ያ ሁሉ ችሎታ ግን የአንድ ገንዘብ ሰጪ ፎርም ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፎርሙ ሲጠፋ የሚይዙት አጡ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ ሥራ የሚባል ነገር ሲታያቸው የነበረው በዚያ በኩል ብቻ ነበር።

ሌላም ወገን አለ። ጎበዟ ነርስ ወደ ፕሮጀክት ስትሄድ ዋርዱ ነርስ ያጣል። የፊዚክስ መምህሩ ሲሄድ ክፍሉ መምህር ያጣል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ኑሮው ስላልቻላቸው ነው። ስለዚህ «ለምን ሙያህን ትተዋለህ?» ብዬ ማንንም አልወቅስም። ልጁን ማብላት ያቃተውን ሰው በቦታህ ቆይ ማለት ቀላል ነው። የምለው፣ መንግሥት ነርሷን በነርስነቷ ማኖር ካልቻለ ፕሮጀክት ያሠለጠነው ሰው ሁሉ ከሆስፒታል የተነቀለ መሆኑን ማወቅ አለብን ነው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ

አንደኛ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የሠራችሁትን በፕሮጀክት ዓይን ጻፉት። የክትባት ዘመቻ የመራች ነርስ፣ የብሔራዊ ፈተና ጣቢያ ያስተባበረ መምህር፣ አዲስ ማሽን ያስተከለ ሱፐርቫይዘር ፕሮጀክት መርተዋል። መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፣ በጀት ነበረው፣ የሚጠበቅ ውጤት ነበረው። በቁጥር አስቀምጡት፦ ስንት ሰው፣ በስንት ቀን፣ ምን ችግር ገጠመ፣ እንዴት ተፈታ።

ሁለተኛ፣ ሰርተፍኬትን በልኩ ያዙት። ፒኤምፒ የሚባለው ፈተና ላይ ለመቀመጥ የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። የሚቆጠረው የመራችሁት ሥራ ነው፣ የሥራ መደባችሁ ስም አይደለም። ልምድ የሌለው ጀማሪ ካፕኤም የሚባለውን በ23 ሰዓት ሥልጠና መሞከር ይችላል። ማስተርስ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን ጨምሮ አማራጭ አለው። ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ወረቀቱ የሚይዘው የጻፋችሁበትን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ ሙያችሁን ፈቃድ አታስወድቁ። የሙያ ፈቃዳችሁን አድሱ፣ ከድሮ ባልደረቦቻችሁ ጋር ቡና ጠጡ፣ አዲሱ ማሽን ምን እንደሚመስል ጠይቁ። ፕሮጀክት ማብቂያ ቀን አለው፣ ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ግን የላቸውም።

አራተኛ፣ ውል ስትፈርሙ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ነጩ ላንድክሩዘር ከምታስቡ ስለ መጨረሻው ወር አስቡ።

በዚህ አካባቢ ገና የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። ሐዲዱ ባቡር ይጠብቃል፣ ፓርኩ ገበያ ይጠብቃል፣ የተፈናቀለው ቤቱን ይጠብቃል። ለእነዚህ ሁሉ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ሥራ በእውነት ምን እንደሚመስል በእጁ የሠራ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። ነርሷም፣ መምህሩም፣ ሱፐርቫይዘሩም ያ ዕውቀት አላቸው። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? ልባችሁ ያወቀውን ይዛችሁ ተሻገሩ።

ሰላም ለአገራችን።